የእህቴ የይለፍ ቃል

ብታምኑም ባታምኑም ሆኗል። በእኔው ላይ ነው የሆነው።

ሰዓቱ ቀን ስድስት ተኩል ነው። ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ወጥቷል። እኔ መስኮት በሌላት የሰርቨር ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነኝ።

ሥራዬን የኮምፒውተር ዘበኛ በሉት። የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል ከአይፈለጌ መልእክትና ከሰርጎ ገቦች እጠብቃለሁ። የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ የሳተ ሰው አካውንቱ ይቆለፍበታል። ለማስከፈት በውስጥ ስልክ ይደውልልኛል። እኔም እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ጠይቄ ነው የምከፍትለት። የወለደኝ አባቴም ቢሆን ሳይመልስ አይገባም።

ከሁሉ የምታስቸግረኝ ታናሽ እህቴ ነበረች። እላይ መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው።

«ወንድም ጋሼ፣ ደሞ ተቆለፈብኝ» ትለኛለች እየሳቀች።

«ጭንቅላትሽን የት ጥለሽው ነው የምትመጪው?» እላታለሁ።

ክረምት ላይ ታማ ሞተችብኝ። በአጭሩ ተቀጨች።

አካውንቷን ሳላጠፋ ስቆይ አለቃዬ ታግሶኝ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ግን ጠራኝ።

«እግዜር ያጽናህ... ባለቤት የሌለው አካውንት ለሌባ ይመቻል። ዛሬ አጥፋው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ግን ስሟ የቀረው እዚያ ብቻ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ።

ይህን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ቀይ መስመር ብቅ አለ።

በእህቴ አካውንት የመግባት ሙከራ። የተሳሳተ የይለፍ ቃል።

ትንሽ ቆየ... ደግሞ ሞከረ።

ከየት እንደመጣ አየሁ። ከውጭ አይደለም... ከራሷ ኮምፒውተር ነው።

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። የኮምፒውተሯ ገመድ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ኪቦርዱን አቧራ ውጦታል።

ጥቂት ፊደላት ላይ ብቻ አቧራ የለም...

ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። አካውንቱ ተቆልፏል።

የውስጥ ስልኩ ጮኸ።

«ወንድም ጋሼ...» በሹክሹክታ። «ተቆለፈብኝ።»

ድምፁ የእሷ ነው። ሳቁ ብቻ የለም።

ሰርጎ ገብ የሰው ድምፅ እንደሚያስመስል አውቃለሁ። እንባዬን ውጬ እንደ ደንቡ ጠየቅኳት።

«ልጅ እያለሽ ምን ብዬ ነበር የምጠራሽ?»



«ረሳሁት... እዚህ ሁሉም ይረሳል። ስሜም ሊጠፋኝ ነው። ንገረኝ፣ ወንድም ጋሼ።»

ያልመለሰ አይገባም። ስልኩን ዘጋሁት። አካውንቱንም አጠፋሁት። ከዚያ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ስሟን ብነግራት ምን ነበረበት?

ቀዩ መስመር እንደገና ጀመረ።

አሁን የሚሞከረው የይለፍ ቃል ሳይሆን የሰው ስም ነው። ሰርጎ ገብ ቢሆን ስሙን እንደ ዝናብ ያወርደው ነበር። ይሄ ግን አንድ ስም ይጽፋል... ያስባል... ሌላ ይጽፋል። ሁሉም የሴት ስም ነው። የራሷን እየፈለገች ነበር።

ስልኩን አንስቼ ስሟን ደጋግሜ ጠራሁት። መስመሩ ላይ ማንም የለም።

ሙከራው ቆመ።

መጨረሻ ላይ የተጻፈው የእናታችን ስም ነው። እናታችን በሕይወት አለች... እዚህ መሥሪያ ቤት ግን እግሯ ረግጦ አያውቅም፤ ስሟን እዚህ የሚያውቅ ከእኔና ከእህቴ በቀር የለም።