የተጫረው ሌንስ

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

የጉንዳን አክስት ሌንሱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ያለው መብራት ስር ይዛዋለች። ከኋላው፣ ካሜራው ላይ በሚገጥምበት በኩል፣ መስታወቱ መሃል የተቆረጠ ጥፍር የምታህል ጭረት አለች። ትንሽ ናት። ግን አንዴ ካዩዋት ሌላ ነገር አይታይም።

ጉንዳን አፏን ልትከፍት ስትል ጓደኛዋ ሬዲዮ ቀደመቻት።

«እሷ ናት እትዬ። ከትናንት ወዲያ በእረፍት ሰዓት ስትገጥመው አይቻታለሁ።»

ዓይኗን በጨው ታጥባ! እዛው፣ ጉንዳን አጠገብ፣ ትከሻዋ ትከሻዋን እየነካ።

ጉንዳን «ጉንዳን» የተባለችው ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ ከጀርባዋ ስለማይጠፋ ነው። ሬዲዮ ለምን ሬዲዮ እንደተባለች ማስረዳት አያስፈልግም፤ አስተማሪ ገብቶ እንኳ አትዘጋም። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። የትምህርት ቤቱ የፎቶ ክለብም አብረው ነው የገቡት። የጉንዳን አክስት የስፖርት ፎቶ አንሺ ስለሆነች ለክለቡ አንድ ካሜራና ሁለት ሌንስ ታውሳለች።

ከሌንሶቹ ጋር አንዲት ወፍራም ቀለበት የመሰለች ዕቃም አለች። ስሟ ቴሌኮንቨርተር ነው፤ ክለቡ ውስጥ ግን ሁሉም «ቀለበቷ» ነው የሚላት። በካሜራውና በሌንሱ መሃል ትገባና ሩቅ ያለውን ሰው እጥፍ ታቀርበዋለች። ችግሯ አፍንጫ አላት፤ መስታወቷ ወደ ፊት ወጣ ያለ ነው። ረጅሙ ሌንስ ከኋላው ጎድጎድ ስለሚል አፍንጫዋን ያስገባታል። የአጭሩ ሌንስ መስታወት ግን አፉ ድረስ የመጣ ነው። እሱ ላይ ከገፏት መስታወት ከመስታወት ይጋጫል። አክስቷ ይሄን አስር ጊዜ ነግራቸዋለች፦ ከመግጠማችሁ በፊት የሌንሱን ቂጥ እዩ፣ እምቢ ካለ አትግፉ። ሬዲዮ «ቂጥ» በሚለው እየሳቀች ነው ዋናው ነገር ያመለጣት።

ትናንት ደግሞ የካሜራው ቦርሳ ያደረው ሬዲዮ ቤት ነው። የተጫረው አጭሩ ነው፤ ጉንዳን እሱን ከነካችው ሳምንት አልፏታል።

ይሄን ሁሉ ማለት ነበረባት። ግን ሰው በጓደኛው አፍ እንዲህ ሲባል መጀመሪያ ጆሮውን ነው የሚጠራጠረው። አክስቷም ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጠረችው። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። ሌንሱን ከደነችና ከዛሬ ጀምሮ ዕቃዬን እንዳትነኪ አለቻት። ነገ የትምህርት ቤቱን የሩጫ ፍጻሜ ሬዲዮ ታንሳው፣ አለች።

ጉንዳን ይሄን ሩጫ ሁለት ወር ጠብቃዋለች። በደንብ ካነሳችው ትምህርት ሲዘጋ አክስቷ ስታዲየም ይዛት ልትሄድ ነበር። በቃ፣ ቀረ። ወደ ቤት ስትሄድ ቆሽቷ እያረረ መንገድ ላይ ያገኘችውን ጠጠር ሁሉ በእግሯ ስትለጋ ሄደች።

በማግስቱ ሰማዩ ደመና ነው። ጉንዳን ሜዳው ዳር ብቻዋን ቆማለች። ላለመምጣት አስባ ነበር፤ እግሯ አመጣት። የስምንት መቶ ሜትሩ የሴቶች ፍጻሜ ሊጀመር ሲል ሬዲዮ ካሜራውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እየሮጠች መጣች።

«የወንዶቹ ሁሉም ተበላሸብኝ። እዪው።»

ስክሪኑ ላይ ሯጮቹ በእርጥብ ጨርቅ የተጠረገ ጠመኔ መስለዋል። ጉንዳን ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለጋትም። ረጅሙ ሌንስ ላይ ቀለበቷ ተገጥማለች። ቀለበቷ ሰውን እጥፍ ስታቀርብ ብርሃኑን ትበላዋለች፤ ከአራት እጅ አንዱን ብቻ ነው የምታስገባው። እንዲህ ባለ ደመና ካሜራው ያቺን ብርሃን ለመለቃቀም ዓይኑን ከፍቶ ይቆያል። ሯጭ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም።

እሰይ፣ አለች በሆዷ። እውነት ለመናገር በጣም ደስ አላት።

«አቦ ንገሪኝ እንጂ! እትዬ ስለ ቀለበቷ ምን ነበር ያለችው?»

«ለምን ዋሸሽብኝ?»

ሬዲዮ የካሜራውን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። 

«አንቺ ዘመዷ ነሽ» አለች። «ብትቆጣሽም ነገ ትረሳዋለች። እኔን ግን ከክለቡ ታባርረኛለች። አስቤበት እኮ ነው።»

«አስበሽበት?»

ይሄ ባሰ። በድንጋጤ አምልጧት ቢሆን አንድ ነገር ነው። ማታ ቤቷ ተቀምጣ፣ ለማን ይቅለል ብላ መዝና፣ ጠዋት ፈገግ እያለች ነው አጠገቧ የተቀመጠችው። ጉንዳን ጥርሷን ነከሰች። ልትሄድም ዞራ ነበር።

ስምንቱ ሯጮች መስመር ላይ ቆሙ። ጉንዳን ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ ሁለት ወር ሙሉ ልምምድ ላይ አንስታቸዋለች። አንዷ የጫማዋን ክር ሁለቴ ካልቋጠረች አትሮጥም፤ አሁንም ጎንበስ ብላ ሁለተኛውን እየቋጠረች ነው። እነሱ ምን አጠፉ?

«ቀለበቷን አውልቂ» አለች፣ ሬዲዮን ሳታያት። «ሌንሱን ብቻ ግጠሚ። ከዛ ወርደሽ ኩርባው ጋ ጠብቂያቸው። ትንሽ ሆነው ቢወጡም ጥርት ይላሉ፣ በኋላ የፎቶው ዳር ዳር ይቆረጣል።»

ሬዲዮ ካሜራውን ከአንገቷ አውልቃ ዘረጋችላት። «አንቺ አንሺው። ሙች፣ ለማንም አልናገርም።»

ጉንዳንን እጇን በላት። ካሜራው አንድ ክንድ እንኳ አይርቃትም። ግን ተደብቃ ከነካችው ትናንት የተባለውን ሁሉ በገዛ እጇ እውነት ልታደርገው ነው።

«አልነካም። ሂጂ፣ ሊነሱ ነው።»

ሩጫውን በዓይኗ ብቻ አየችው። ኩርባው ላይ ከፊት ያሉት ሦስቱ ትከሻ ለትከሻ ሲታጠፉ ጣቷ ባዶ አየር ላይ ተጫነ።

ሬዲዮ ስትመለስ ፊቷ በርቷል። ጥርት ብለዋል፣ አተረፍሽኝ እናትዬ፣ እያለች ልታቅፋት መጣች። ጉንዳን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«ለእትዬ ስላንቺ አልነግራትም።»

«አውቅ ነበር እኮ፣ አንቺ—»

«ስለ ራሴ ግን እነግራታለሁ።»

ሬዲዮ ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያት እያለች እስከ ትምህርት ቤቱ በር ተከተለቻት። ጉንዳን በሩን አልፋ ሄደች።

መንገድ ላይ ንዴቷ አልቀነሰም። እንዲያውም ግማሹ ሌላ ባለቤት አገኘ። ሬዲዮስ ፈርታ ነው እንበል። እትዬ ምን ፈርታ ነው? ሦስት ዓመት ያስተማረቻት እሷ፣ ቀስ ብላ ስትገጥም ያየቻት እሷ። «አንቺ ነሽ?» ለማለት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

አክስቷ ሥራ ክፍሏ ውስጥ አንድ የተፈታ ሌንስ ላይ አቀርቅራ በጎማ መንፊያ አቧራ እያራገፈች ነው። ሩጫው እንዴት ነበር አለች፣ ቀና ሳትል። ተቀመጪ አለቻት። ጉንዳን አልተቀመጠችም።

«እትዬ፣ ትናንት አልጠየቅሽኝም።»

አክስቷ መንፊያውን አንዴ ጨመቀች።

«አሁን ዕቃ ከፍቻለሁ የኔ ልጅ፣ አቧራ ይገባል። ቆይተሽ ነይ።»

ትልቅ ሰው «ቆይተሽ» ካለ ይወጣል፤ ዕድሜዋን በሙሉ እንዲህ ነው የወጣችው። እግሯም እንደ ልማዱ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ጉንዳን በሩ ጋ ደረሰች፣ አቧራ እንዳይገባ ከውስጥ በኩል ቀስ ብላ ዘጋችው፣ ጀርባዋንም አስደግፋ ቆመች።

«እስክትጨርሺ እዚሁ እጠብቃለሁ» አለች።