ግድግዳው ላይ የሳልኩት መስኮት

ይህን የምጽፈው ሰው ለማስፈራራት አይደለም። የሆነውን ነው የምጽፈው። ሰው ፊት መናገር ስለሚከብደኝ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ጊዜው ባለፈው መጋቢት ነው። ቦታው ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ የተከራየናት አንዲት ክፍል። ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ነው... ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ የሚንጣጣበት ሰዓት።

ባለቤቴ ኛዳክ በጥር ወር ሴት ልጅ ወለደች።

ልጅቷ አላለቀሰችም።

ከቀበርናት በኋላ ኛዳክ ከአልጋ አልወርድ አለች። ምግብ ሳቀርብላት ፊቷን ታዞራለች።

"ዊዩዋል፣ ይህ ቤት ያፍነኛል" ትለኛለች። ሌላ ቃል የላትም።

እውነቷን ነው። ክፍላችን መስኮት አልነበራትም። አከራያችን ጋሽ ኻሊድ ከፊት ለፊት የቀለምና የሲሚንቶ ሱቅ አለው። ግድግዳውን በስቼ መስኮት ላውጣ ብዬ ለመንኩት።

"ከኋላው እኮ መጋዘኔ ነው። ሚስትህ ሲሚንቶ ልታይ ነው?" አለኝ።

ከዚያ ግን አዘነልኝ መሰለኝ፣ በየጣሳው ሥር የቀረውን ቀለም ሰብስቦ ሰጠኝ።

"በቃ መስኮት ሳልላት። ስትጨርስ ለእኔም ፍሪጅ ትስልልኛለህ፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንድጠጣ!"

ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁብኝ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ብሩሽ ስላልነበረኝ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በጨርቅ ሳልኩ። ቡናማ የመስኮት ክፈፍ። ከክፈፉ ወዲያ ባሮ፣ በመጋቢት እንደሚሆነው ጎድሎ፣ አሸዋው ወጥቶ። በወዲያኛው ዳር አንድ የማንጎ ዛፍ።

ኛዳክ ተነስታ ተቀመጠች።

"ነፋስ ገባ" አለች።

ያን ቀን ገንፎ በላች። እኔ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ።

በማግስቱ በስምንት ሰዓት እጄን ሥዕሉ ላይ አሳረፍኩ። ጣሪያው በሙቀት ይንጣጣል...

ግድግዳው ግን በረዶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ኛዳክ ከምግቧ ግማሹን አስቀርታ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠች።

"ለማን ነው?"

"ቀስ በል... ትሰማሃለች።"

ቀና ብዬ አየሁ። ከማንጎው ሥር ጥፍር የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። እኔ አልሳልኳትም። ቀለም ተንጠባጥቦ ይሆናል ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ነጥቧ ውሃው ዳር ደርሳለች።

ሁለት እግር ነበራት።

"አየሃት?" አለችኝ ኛዳክ በሹክሹክታ። "ዓይኗ የአንተ ነው።"

ሮጬ ጋሽ ኻሊድን ጠራሁት። እየቀለደ ገባ። ሥዕሉን ሲያይ ቀልዱ ቆመ።

"አንተ... ወንዙን ለምን እስከ አፉ ሞልተህ ሳልከው?"

የሳልኩት አሸዋ የለም። ውሃው ክፈፉን ነክቶታል። ከወንዙ መሃል አንዲት ትንሽ ጭንቅላት ብቅ ብላለች።

"ቢስሚላህ" አለ። "ዛሬውኑ አጥፋው።"

ነጭ ቀለም አመጣልኝ። በሩ ላይ አስቀምጦት ሄደ እንጂ ተመልሶ አልገባም።

መቀባት ስጀምር ኛዳክ ክንዴ ላይ ተጠመጠመች።

"ዊዩዋል! መሃል ላይ ናት! ዋና አትችልም! እንዳትዘጋባት!"

ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ኛዳክ ምግብም ውሃም አልነካችም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ጉሉኮስ ሰጥተው "መብላት አለባት" ብለው መለሱን። በሦስተኛው ቀን ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ጸለይኩ። ለመንኳት። አላየችኝም።

ስምንት ሰዓት ላይ ድምፅ ሰማሁ።

ጠፍ... ጠፍ... ጠፍ...

ከነጩ ቀለም ሥር ነው። እርጥብ የሆነ ትንሽ መዳፍ ግድግዳውን ይመታል።

ዞሬ ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። ተቆልፏል። በቀዳዳ ሳይ የሲሚንቶው ከረጢት ከግድግዳችን ጋር እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሰው ሊቆም ይቅርና አይጥ አያልፍም።

ተመለስኩ። ኛዳክ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋለች።

"እጇ እየደከማት ነው" አለች።

ጠፍ...... ጠፍ.........

እኔን ያስፈራኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የኛዳክ ትንፋሽ ከድምፁ ጋር አብሮ ይቀንስ ነበር። ድምፁ ሲዘገይ ትንፋሿም ይዘገያል።

ምን ላድርግ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

የተረፉትን ቀለሞች አመጣሁ። በጣቶቼ መስኮቱን እንደገና ሳልኩት። ወንዙን ሳልኩ። ትንሿን ጭንቅላት ሳልኩ። ከጎኗ አንድ ታንኳ ሳልኩላት።

"ውጪበት... ያዢውና ውጪበት" እያልኩ ግድግዳውን ለመንኩት።

ድምፁ ቆመ።

ኛዳክ በረጅሙ ተነፈሰችና እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ ውሃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ኛዳክ ተነስታለች። ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ምግብ ታቀርባለች። ቤታችን ያለው ወንበር አንድ ነው፤ ከደስታዬ ብዛት እሱ ላይ ዘጭ አልኩ።

ከዚያ ሥዕሉን አየሁ።

ታንኳው ወደ እኛ ዳር ተሻግሯል። ባዶ ነው። ወንዙ ውስጥም ማንም የለም።

የቤቱ ወለል ርጥብ ነበር።

ያኔ አንድ ነገር ገባኝ... የሳልኩት ታንኳ ብቻ ነው። ቀዛፊ አልሳልኩም። ሕፃን ልጅ ደግሞ ታንኳ መቅዘፍ አትችልም።

ኛዳክ ሳህን ትደረድራለች። አንድ። ሁለት። ሦስት።

አራት።

"ኛዳክ... አራተኛው ለማን ነው?"

"ልጃችንን ላመጣት።"

ይህን ስትል ያየችው እኔን አልነበረም። ከጀርባዬ፣ ከጭንቅላቴ በላይ ነበር ያየችው። ከዚያ ከመታመሟ በፊት እንደምትቆጣኝ ተቆጣችኝ።

"ምን ነክቶሃል ዊዩዋል? እንግዳ ቆሞ አንተ ትቀመጣለህ? ተነስ እንጂ!"

ተነሳሁ።

ወንበሩ ቀስ ብሎ... ከባድ ሰው እንደተቀመጠበት ሁሉ... ሲጢጥ አለ።

ከሥሩ ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ።