ዝቅ ብሎ የተቃኘው ጊታር

አጥኚው የስቱዲዮው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው የሞተው። የማይክሮፎን ማቆሚያው ብረት እግሩ ሥር ወድቋል፤ የስቱዲዮው ጊታር ግን በቦታው በሥርዓት ቆሟል። ኢንስፔክተሯ ከሬሳው ይልቅ ጊታሩን አብዝታ ስታይ ፖሊሶቹ «ደግሞ ጀመራት» ብለው ተጠቃቀሱ።

ሟቹ የአንድ ዝነኛ የሮክ ዘፈን የጊታር መግቢያ ከየት መጣ እያለ ሲያነፈንፍ የከረመ ሰው ነው። መግቢያውን ፈጠርኩ ባዩ «ጣተ ወርቅ» የሚሉት ጊታሪስት ሲሆን፣ አጥኚው ግን ዜማውን ቀድማ በአኮርዲዮን ትጫወተው የነበረችው የጊታሪስቱ ታላቅ እህት መሆኗን ደርሶበታል። ፖሊሶቹ የያዙት ደግሞ እሷኑ ነው። ዛሬ ከዚህ ክፍል እያለቀሰች ስትወጣ ታይታለች፤ አኮርዲዮኗም ከሬሳው አጠገብ ተገኝቷል።

ኢንስፔክተሯ ኮሪደሩ ላይ ካሮጊቷ እህት ጎን ተቀመጠች።

«ለምን አለቀሱ፣ እማማ?»

«ሰውየው አኮርዲዮኑን ይዘው ይምጡ ብሎኝ ነው የመጣሁት። ወንድሜን ተወው ብዬ ለመንኩት፤ እንቢ አለኝ። እኔ እንደሆነ ስሜ ተጠራ አልተጠራ ጉዳዬም አይደል። ያሳደግኩት ልጅ ነው።»

ጉዳይዋ እንደነበር ግን ድምጿ ያሳብቅባታል። ኢንስፔክተሯ ውሃ ሰጠቻት። አሮጊቷ ክዳኑን ታግላ ታግላ አቃታት፤ ጣቶቿ በቁርጥማት ተቆልምመዋል። ኢንስፔክተሯ ከፈተችላትና ተነሣች።

የስቱዲዮው ባለቤት ላብ በላብ ሆኗል።

«ጊታሩን ማን ነካው?»

«ማንም! ጠዋት አዲስ ክር አስሬ፣ ድምፅ በሚለካው ቲዩነር ቃኝቼ አስቀመጥኩት። ሟቹ እንኳን ሊቃኝ አያያዙንም አያውቅ። ጆሮ እንጂ እጅ አልነበረውም።»

ጣተ ወርቅ የራሱን ጊታር ከነቦርሳው እንዳነገተ ቆሟል። «እኔ ዛሬ ወደዚህ ክፍል ዝር አላልኩም» አለ።

ሬሳው ሲነሣ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ባለቤቱ የጊታሩን ክሮች አንድ በአንድ በቲዩነር አየና ግንባሩን ቋጠረ።

«ሁሉም ወርደዋል።»

«አዲስ ክር ይረግባል» አለ ጣተ ወርቅ።

«ይረግባል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ግን አንዱ ብዙ፣ አንዱ ትንሽ ነው የሚረግበው። እነዚህ እኩል ነው የወረዱት። ሰው ቃኝቶታል። እማማ፣ እስቲ አኮርዲዮኑን አንዴ ይንኩልኝ።»

አሮጊቷ በቆልማማ ጣቷ ተጫነች። ኢንስፔክተሯ ክሩን መታች። ሁለቱ ድምፆች ገጠሙ።

«አኮርዲዮኑ ስላረጀ ድምፁ ዝቅ ብሏል። ጊታሩን በዚህ ልክ የቃኘው ማነው? እማማ እንዳንል የጠርሙስ ክዳን ያቃተው ጣት መቃኛ አያዞርም፤ ያንን ብረትም አያነሣም። ባለቤቱ ደግሞ ያለ ቲዩነር አይቃኝም። አንተ እስቲ ጊታርህን አውጣ።»

ጣተ ወርቅ ንቅንቅ አላለም። ቦርሳውን ራሷ ከፍታ ክሩን መታች። ያው ድምፅ ነው።

«ዛሬ እዚህ ገብተሃል። ዜማው የራሴ ነው ብለህ ልታሳየው ጊታሩን አነሣህ፤ ከመጫወትህ በፊት እንደ ልማድህ ቃኘኸው። ሟቹ ጆሮ ነበረው። ‹ቅኝትህ ራሱ የእህትህ ነው› ሳይልህ አልቀረም። ያኔ በብረቱ መታኸው። አሻራህን ጠርገሃል። ቅኝቱ ግን ላንተ ጆሮ ልክ ስለሆነ፣ የተለወጠ ነገር መኖሩ አልታየህም።»

ጣተ ወርቅ ወደ እህቱ ዞረ።

«እትዬ፣ ሳቀብኝ እኮ» አለ እንደ ልጅ።

«በዚችው ነበር መቃኘት ያስተማርኩህ» አለች አሮጊቷ አኮርዲዮኑን እየነካች። እንባዋ ወረደ።

«ዜማው የእርስዎ መሆኑ ተረጋገጠ፣ እማማ» አለች ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ።

አሮጊቷ አኮርዲዮኑን አጣጥፋ ማሰሪያውን ልታስር ሞከረች፤ ጣቶቿ እንቢ አሉ። እንደ ልማዷ ወደ ወንድሟ ዘረጋችለት። እጆቹ ግን ካቴና ገብቶባቸው ነበር።