ቅባት ያልነካው ብልቃጥ

ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ሐሰት ከተገኘች ሠላሳ ሁለቱም ጥርሶቼ በአንድ ጀንበር ይርገፉ!

ሻምበሉ መቶ አስከሬን አይቷል፤ እንዲህ ያለ ክፍል ግን ገብቶ አያውቅም። የቁርጥማት ቅባቱ ሽታ ዝንብን ከደጃፍ ይመልሳል። የሞተችው ልብስ ሰፊ ሃያ ዓመት ሙሉ ጣቶቿን ስታሽበት ስለኖረች የነካችው ሁሉ ያብለጨልጫል። ኩባያዋ፣ ማንኪያዋ፣ ምርኩዟ፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር። ሻምበሉ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ለጥፎ አጎነበሰ። ጣቶቿ እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል፤ አፏ ውስጡ ቆሳስሎ ድዷ ደም አርግቷል።

«ክኒኑ ነው የገደላት» አለ የቁርጥማት ሐኪሟ፣ እዚያው አስከሬኑ አጠገብ ብርቱካን እየላጠ። «በሳምንት አንድ የሚዋጥ ነው። በየቀኑ ከተዋጠ መርዝ ነው። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሃያ አራት ፍሬ ሰጥተናታል፤ ብልቃጡ ይኸው ባዶውን። ምራቷን ይጠይቋት፤ የምታጎርሳት እሷ ናት።»

የፖሊስ አለቃው ትእዛዝ ቁርጥ ያለ ነበር፦ እስከ ቀትር ሌላ ጥፋተኛ ካልተገኘ ምራትየዋ ትታሰር። እሷ ጥግ ላይ ሕፃኗን ታጠባለች።

«አማትሽን ትጠያት ነበር አሉ» አላት ሻምበሉ።

«እጠላት ነበር» አለች ሳታፍር። «ሽንት ቤት አድርሶ የሚመልስ ሁሉ ይወዳል ያለዎት ማነው? ቅባቷ ሰውነቴ ላይ እየቀረ ልጄ ጡት እንቢ አለ። አማርሬ አነሣኋት፣ አማርሬ አጠብኳት። መድኃኒቷን ግን ነክቼ አላውቅም!»

ሻምበሉ ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ዶክተር፣ የሟቿን እጅ ይዘው አይተውት ያውቃሉ?»

«ወረቀቷን አያለሁ። የስንቱን እጅ ልያዝ? ቅባታቸው በሳሙና አይለቅም» አለና የብርቱካኑን ፍሬ ከአፉ ወደ መዳፉ ተፋ።

በዚህ ሰው ክሊኒክ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጉልበቱ ያበጠ ሰው ተራው እስኪደርስ ጥቁር ጸጉሩ ይሸብታል ሲባል ሻምበሉ ሰምቷል። ሽበቱንስ ያየው አለ!

የሟቿ ባል ጡረታ የወጣ አናጺ ነው። እሱም ቁርጥማታም፤ አንጓዎቹ አብጠው ሁለት እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ደብቋል።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የጠሩት ማንን ነው?»

«ዶክተሩን።»

«ብቻውን ገባ?»

«ገባ። እኔ ደጅ ቀረሁ።»

ሻምበሉ ብልቃጡን በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠው፤ አሸተተው። ከዚያ ፊቱ በራ። ቀትር ሊሆን ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰባቸው፤ አብሮት የመጣው ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«አንደኛ» አለ ሻምበሉ፣ «በዚህ ቤት ሟቿ ነክታው ያላብለጨለጨ ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ሦስት ሳምንት በእጇ ነበር የተባለው ብልቃጥ አንዲት የቅባት ጠብታ የለበትም፤ ጽሑፉም ዛሬ የተለጠፈ ይመስላል። ስለዚህ ይህ የሟቿ ብልቃጥ አይደለም። ሦስተኛ፣ አስከሬኑ ሳይቀዘቅዝ ብቻውን የገባ አንድ ሰው አለ። ዶክተር! ሳያይዋት 'በቀን አንድ' ብለው ጽፈው ሰጧት። ስትሞት ያንን ብልቃጥ ኪስዎ ከተው 'በሳምንት አንድ' የሚለውን አስቀመጡ። ጥፋትዎንም በዚህች እመጫት ላይ ሊደፈድፉ ነበር!»

«ምን ዓይነት ቅሌት ነው!» ብሎ ጮኸ ሐኪሙ። ፖሊሱ ካቴናውን ሲያጠልቅለት ምራትየዋ ሕፃኗን አቅፋ እያለቀሰች ሣቀች። ቢጠየቅ ሰፈሩ ሁሉ ያጨበጭብ ነበር።

«ልጄ» አለ ባልየው ቀስ ብሎ። «ብልቃጡን እኮ እሷ ነክታው አታውቅም።»

ሻምበሉ ዘወር አለ። «ምን አሉ?»

«ክዳኑ ተጭነው የሚያዞሩት ነው። የእሷም የእኔም ጣት አይችለውም። እኛ ቁርጥማታሞች መድኃኒት በብልቃጥ አናስቀምጥም። የክሊኒኩ መድኃኒት ሰጪ ክዳኑን ከፍታ ክኒኑን በዚህ ገለበጠችልኝ። ብልቃጡን ለጽሑፉ ብዬ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት።»

ከኪሱ ክዳን የሌለው የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ አወጣ። ሦስት ክኒን ብቻ ቀርቶበታል።

«ጽሑፉን አንብበውታል?»

«አንብቤዋለሁ። በሳምንት አንድ ይላል። የመጀመሪያዋን በዋጠች ማግሥት ጣቷ የላላ መሰለኝ። በሳምንት አንዱ እንዲህ ካደረገ፣ በየቀኑ ብሰጣት እንደገና መርፌ ትይዛለች አልኩ።»

ሻምበሉ ቆጠረ፦ በሃያ አንድ ቀን ሃያ አንድ ክኒን።

«ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?»

«ምራቴን ትወስዳታለህ ብዬ ልናገር ስል ወደሱ ዞርክ። ደስ አለኝ። አንድ ቀን እንኳ እጇን አልያዘላትም። ይታሰር አልኩ።» አዛውንቱ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ግን አፏ ቆስሎ አልውጥም ስትለኝ፣ 'መድኃኒቱ ክፉውን እያወጣልሽ ነው፣ ዋጪ' ያልኳት እኔ ነኝ።»