የኪሊማኒው ቀይ ስልክ

አቶ ተክሉ ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሠፈር፣ ከአንድ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ ባለው ቤታቸው፣ ራሳቸው ካሠሩት የብረት ፍርግርግ በር ሥር ወድቀው ተገኙ። ማጅራታቸው ከብረቱ ጋር ተላትሟል። ፍርግርጉ በጓጉንቸር ተቆልፏል፤ ቁልፉ እንደ ወትሮው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሌባ ይገባል እያሉ ሚስታቸውንና የሚስታቸውን የእህት ልጅ ስንት ዓመት እንደ ዶሮ ሲቆልፉባቸው ኖሩ። የቆለፉት በር ለራሳቸውም አልሆነ።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ዋንጃላ የሚባል ኬንያዊ መርማሪ ሳሎን ተቀምጦ ሐሳቡን ጨርሷል። በሩ ተቆልፏል፣ ሚስትየው ቤት ስላልነበረች ውስጥ የነበረችው የእህቷ ልጅ አቢግያ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ይወስዳታል። የልጅቷ የመኖሪያ ፈቃድ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። እስር ቤት አንዴ ከገባች ማን ያወጣታል?

ሚስትየው ሚርያም ጨነቃትና ካሳራኒ ወደምትኖረው ጥሩወርቅ ደወለች። ጥሩወርቅ አዲስ አበባ ወንጀል ምርመራ ውስጥ ያረጀች ሴት ናት። ናይሮቢ የመጣችው ጡረታዋን ልጇ ቤት ልታሳልፍ ነው፤ ዓይኗ ግን ጡረታ አልወጣም። ሁለት ማታቱ ታክሲ ቀይራ፣ በዝናብ ረጥባ ደረሰች።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው!»

«ልቅሶውን ቆይተሽ ታለቅሻለሽ። መጀመሪያ ልጅቷን አምጪልኝ።»

አቢግያ ሻርፗን እየጠመዘዘች መጣች።

«የት ነበርሽ?»

«ጓዳ፣ አልጋዬ ላይ። ስቲማ ጠፍቶ ቤቱ ጨልሞ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ጩኸት እንኳ ቢኖር አይሰማም።»

«ከጋሽ ተክሉ ጋር ተጣልተሽ ነበር አሉ።»

«ተጣልቻለሁ፣ አልዋሽም። ቴሌቪዥኑን፣ ኢንተርኔቱንና ስልኩን ባንድ ሽቦ የሚያስገቡ ሰዎች ሕንፃችን መጥተው ነበር። ይግባልን አልኩ። እዚህ ብረት ውስጥ ተዘግቼ ጓደኞቼን በኢንተርኔት እንኳ ላግኛቸው ብዬ ነው። አክስቴ የአገር ቤት ቴሌቪዥን የሚያሳይ ዲሽ ነበር የምትፈልገው። የጋሽዬ የወንድም ልጅ ጌታቸው ደግሞ፣ ‹የድሮው ስልክ ምን ጎደለው? እነዚህ ሰዎች ሌቦች ናቸው፣ ቤት እንዳይገቡ› እያለ ጋሽዬን ያስፈራራ ነበር።»

«ማን አሸነፈ?»

«እኔ። ትናንት ጠዋት ጋሽዬ ራሳቸው ሽቦ የሚገጥመውን ፉንዲ ጠርተው አስገጠሙ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «አንድ ቀን እንኳ አልተጠቀምኩበትም።»

ቀጥሎ የሕንፃው ዘበኛ ዋፉላ ተጠየቀ። ስቲማው ምን እንደነካው ሊያይ ሲወጣ ነው አቶ ተክሉን ከብረቱ ወዲያ ወድቀው ያገኛቸው።

«ነፍሳቸው አልወጣችም ነበር» አለ በስዋሂሊ። «‹ሲሙ፣ ሲሙ› አሉኝ። ስልክ አምጣ ማለታቸው ነው ማማ። በሩ ዝግ ነው፣ ምን ላድርግ?»

«ከዚያ በፊት ማን ወጣ?»

«ጌታቸው። ሰላም ብሎኝ ሄደ።»

ከዚያ የወንድም ልጁ ጌታቸው ተጠራ። ጊጊሪ ካሉት ዓለም አቀፍ ቢሮዎች ባንዱ ይሠራል፤ ለሐዘን እንኳ ክራቫቱን አልፈታም። ጥሩወርቅን ጎንበስ ብሎ ሳማት።

«እትዬ፣ አጎቴ ቆልፈውልኝ ነው የወረድኩት። ጨለማ ውስጥ ትቻቸው መሄዱ ከበደኝና ከመንገድ ላይ ደወልኩላቸው። ‹ደህና ነኝ፣ ሂድ› አሉኝ። ይኸው፣ የደወልኩበት።» ሞባይሉን ዘረጋላት። የቤቱ ቁጥር አለበት።

«ስቲማው መጥቶ ነበር?»

«አልመጣም። እንዲያውም ‹አሁንም ጨለማ ነው› ብለውኛል።»

«ወደ ሞባይላቸው ለምን አልደወልክም?»

«እሳቸው ሁልጊዜ የሚያነሱት ይሄን ነው» ብሎ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ቀይ ስልክ በአገጩ አመለከተ።

ጥሩወርቅ ወደ ስልኩ ሄደች። ገመዱን በጣቷ እየተከተለች ከቴሌቪዥኑ ኋላ ገባች፤ ሻሿ ላይ አቧራ ተሸክማ ወጣች። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የቤተሰብ ፎቶዎች ባንድ ባንድ አየች። ከዚያ ሚርያምን ወደ ጓዳ ወስዳ የፉንዲውን ቁጥር ተቀበለች፤ ከፉንዲው ጋር ብዙ አወራች። ስትመለስ ዋንጃላ ሰዓቱን እያየ ነበር።

«ትንሽ ታገሰኝ» አለችው። «ሰው ይቀረናል።»

ፉንዲው ሲደርስ ከዋፉላ ጋር ታች ደረጃው ላይ እንዲቆይ አደረገች። ሌሎቹን ሁሉ ሳሎን ሰበሰበችና ፍርግርጉን ዘግታ ጓጉንቸሩን በመዳፏ ተጫነችው። ቀጭ አለ። ጌታቸው ተቁነጠነጠ።

«ለምን ይቆለፋል? ቢሮ እፈለጋለሁ።»

«አቢግያ ስትቆለፍ ግን ‹ለምን› ብለህ አታውቅም። ተቀመጥ! ሁላችሁም ቁልፉ እጄ ላይ እንዳልነበረ አያችሁ? ጓጉንቸር ለመክፈት ነው እንጂ ለመዝጋት ቁልፍ አይጠይቅም። በብረቱ መሐል እጁን አሾልኮ ከውጭም የሚዘጋው አያጣም። ስለዚህ በሩ መቆለፉ ብቻውን ይቺን ልጅ ገዳይ አያደርጋትም።»

ዋንጃላ ራሱን ነቀነቀ። «እሱ ከወጣ በኋላ ግን ሟቹ በስልክ አናግረውታል።»

«እሱን አሁን እናያለን። ዋፉላ! ቆጣሪውን አጥፋው!»

ዋፉላ ከደረጃው ላይ የቆጣሪውን ማብሪያ አጠፋው። መብራቱ ጠፋ፤ ዝናብ ያጠቆረው ሳሎን ደበዘዘ።

«ጌታቸው፣ እስቲ ወደ ቀዩ ስልክ ደውል።»

ደወለ። ሁሉም ቀዩን ስልክ አፍጥጦ አየ። ስልኩ ድምፁን አላሰማም። ጥሩወርቅ እጀታውን አንስታ የዋንጃላ ጆሮ ላይ ለጠፈችው።

«ጭጭ» አለ ዋንጃላ።

«የድሮው መስመር ስቲማ ቢጠፋም ይሠራ ነበር። ትናንት ጠዋት ግን ፉንዲው ከግድግዳው ነቅሎ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ካለችው ጥቁር ሣጥን ላይ ሰካው። ሣጥኗ ደግሞ ስቲማ ከሌለ ሬሳ ናት። ጌታቸው ይሄን አላወቀም፤ ያው ቀይ ስልክ ያው ቦታው ላይ ነው ያየው። መደወሉን ደውሏል። ግን ማን አነሳለት? በጨለማው ቤት ‹ደህና ነኝ፣ ሂድ› ያለው የትኛው ተክሉ ነው?»

ጌታቸው ከንፈሩን ላሰ። «ምናልባት… በሞባይላቸው ይሆናል፤ ተምታቶብኝ…»

«ሞባይሉ ሸሚዝ ኪሳቸው ውስጥ ነበር የተገኘው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ስልክ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ‹ሲሙ› ብሎ ስልክ አምጡልኝ ይላል? ዋፉላ በጆሮው የገባውን በራሱ ቋንቋ ተረጎመው። ሰው ነፍሱ ስትወጣ የሚናገረው የእናቱን ቋንቋ ነው። ተክሉ ያሉት ‹ስሙ› ነው። ስሙ፣ ስሙ… ሳይጨርሱት ቀሩ።»

«የማን ስም?» አለች ሚርያም።

ጥሩወርቅ ከዋንጃላ የተቀበለችውን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ፍርግርጉን ከፈተች። ፉንዲው ካማው የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቦ ገባ። ጌታቸውን ሲያይ ፊቱ በራና ሰላም አለው።

«ሳሳ፣ ሚስተር ታዲዮስ!»

ሚርያም እንደተወጋ ሰው ተነሳች። ታዲዮስ የአንድያ ልጇ ስም ነው። ምህንድስናውን በጨረሰ በዓመቱ ታሞ የቀበረችው ልጇ።

«የጊጊሪውን ቢሮ መስመር የዘረጋው ካማው ነው» አለች ጥሩወርቅ። «እዚያ ጌታቸው የሚባል ሰው አያውቁም። ‹ሌቦች ናቸው፣ እንዳይገቡ› ያለውም ለዚህ ነው፤ የፈራው እንዳይታወቅ ነው። ትናንት ካማው ግድግዳው ላይ ያለውን የጌታቸውን ፎቶ አይቶ ‹ታዲዮስ ዘመዳችሁ ነው እንዴ?› ብሎ ጠየቀ። ተክሉ የሞተ ልጃቸውን ስም ከማያውቁት ሰው አፍ ሰሙ። የወንድማቸውን ልጅ አስጠሩት።»

«ዲግሪውን…» አለች ሚርያም። «ከሣጥኔ የጠፋውን የልጄን ዲግሪ? የቀበርኩትን ልጅ ስም ደረትህ ላይ ለጥፈህ ነው እዚህ እየመጣህ የእጄን ስትበላ የኖርከው?»

«ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራ ነበር?» ጌታቸው ጮኸ። «እናቴን ያበላሁበት እኮ ነው! ቢሮህ ሄጄ እናገራለሁ አሉኝ። ለመንኳቸው፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ገፋኋቸው እንጂ አልገደልኳቸውም!»

«ገፍተህ ጥለህ፣ ሳይሞቱ ቆልፈህባቸው ወረድክ» አለች ጥሩወርቅ። «ከመንገድ ደውለህ ደግሞ ይቺን ልጅ ለገመድ አዘጋጀሃት። እሱንም መግፋት በለው።»

ዋንጃላ ካቴናውን አወጣ። ጌታቸው ከዚያ በኋላ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየም።

ደረጃው ላይ የእግር ኮቴያቸው ሲጠፋ ሚርያም ጓጉንቸሩን ከነቁልፉ አንስታ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። ዋፉላ ቆጣሪውን መለሰው፤ ከቴሌቪዥኑ ኋላ ሣጥኗ አረንጓዴ ዓይኗን ገለጠች።

አቢግያ አላየቻትም። በተከፈተው በር ወጥታ አንድ ደረጃ ወረደችና ቆመች። አንገቷን ሰብራ ከኋላዋ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ጠበቀች።

«ምን ትጠብቂያለሽ አንቺ?» አለች ጥሩወርቅ። «የሚዘጋ የለም። ውረጂ።»