ትንንሾቹን የመለሰው እጅ

መንደሩ ቴቴ፣ ማለትም አያት፣ የሚላቸው ሽማግሌው ኤሊፋስ ሞተው የተገኙት ሦስት ዓመት ሙሉ በጠበቁት ባሕር ዳር፣ ውሃው ከቁርጭምጭሚት በማያልፍበት ቦታ ነው። ከራስጌያቸው ለጋ የኮኮናት ቅጠል የታሰረበት እንጨት ቆሟል። ይህ የሳሲ ምልክት ነው። ጠባቂው ቅጠሉን እስኪያወርድ ድረስ ከዚያ ባሕር አንዲት ሎላ ማውጣት ክልክል ነው። ሎላ ቅርፊቷ ለአዝራር የምትፈለግ የባሕር ቀንድ አውጣ ናት፤ አድጋ እስክትራባ ትጠበቃለች።

ሳጅን ዮሲና ከከተማ በጀልባ ስትደርስ መንደሩ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቃት። ነጋዴው ዶሚንጉስ ከኮኮናት ግንድ ጋር ታስሯል። ጀልባው ውስጥ ሎላ የሞላበት ሰማያዊ ጆንያ ተገኝቶበታል። ሌላ ገዳይ ካልተገኘ ከሰዓት በኋላ ይዛው መመለሷ ነው።

«ሳጅን፣ ሰው ገድዬ ጀልባዬ ላይ ተጋድሜ ሳንኮራፋ ያገኙኛል? እንደዚህ ያለ ጅል ነው የምመስለው?»

«ከዚህ በፊት ግን ከዚህ መንደር ተባረሃል።»

«ትንንሾቹን ስለገዛሁ ነዋ። እኔ ትልቅ ትንሽ አልልም፣ ያገኘሁትን ነው የማፍሰው።»

ጆንያውን ዘረገፈችው። ከዚያ ከሟቹ አንገት ላይ የመለኪያውን የቀርከሃ ቀለበት አውልቃ ሎላዎቹን አንድ በአንድ ሞከረቻቸው። በቀለበቱ የምታልፍ ሎላ ትንሽ ናትና ወደ ባሕር ትመለሳለች። ከጆንያው አንዲትም አላለፈች። በመንደሩ ያለው መለኪያ ደግሞ ይኸው አንዱ ነው።

ወደ ሟቹ ጎጆ ገባች። ዮሲና ባሏ ከሞተ ወዲህ ለብቻዋ ስለምትበላ የብቸኛ ሰው ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃለች። አንድ ትራስ፣ አንድ ኩባያ። ሳጎ ከሚባል የዘንባባ ዱቄት የተሠራ ገንፎና ዓሣ የቀረበበት ሳህን ግን ሁለት ነው፤ ሁለቱም አልተነኩም።

«ምግቡን ማታ ማታ የማመጣው እኔ ነኝ» አለች ጎረቤታቸው ማማ ቬልሚና። «የማመጣው ለአንድ ሰው ነው። እሳቸው ለሁለት ያካፍሉታል።»

«ለማን?»

«ለዘካርያስ። ወላጆቹ ከሞቱ ጀምሮ ያሳደጉት ረዳታቸው ነው። ከተማ ልሂድ ብሎ ከተኳረፉ ወዲህ ዝር አላለም። ቴቴ፣ አይመጣም እኮ ስላቸው፣ ቢመጣስ ይሉኛል።»

ዘካርያስ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የሰፋ ጠላቂ ነው። «እሳቸው ቤት ከረገጥኩ ወር አልፎኛል» አላት። «ጆንያው ተገኝቷል። ምን ያጠያይቃል?»

ውሃው ሲሸሽ ዮሲና ጫማዋን አውልቃ ዐለቱ ላይ ወጣች። ሬሳው ከነበረበት ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ በዐለቱ ጥላ ሥር፣ ትንንሽ ሎላዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ሁሉም አፋቸው ወደ ታች ነው። በቅርፊታቸው ላይ ሰማያዊ የጆንያ ክር ተጠላልፏል። ብዙ ቆማ አየቻቸው።

ከዚያ ሰዎቹን እዚያው እንጨቱ ሥር ሰበሰበቻቸው፤ ዶሚንጉስንም ከነእስሩ አመጡት።

«ሌባው ሎላዎቹን ከጆንያው አውጥቶ ትንንሾቹን መልሷል» አለች። «ዶሚንጉስ ቢሆን ይመልስ ነበር?»

«እኔ? ለሎላ አዝኜ?» አለ ዶሚንጉስ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ቀለበቱ በሟቹ አንገት ላይ ነበር፤ ሌባው ግን በአንዲትም አልተሳሳተም። የመንደሩ ሰው ያወጣውን ሁሉ ባሕር ዳር ይከምራል እንጂ አይለካም። የሚለካው ማን ነው?»

«ቴቴ ኤሊፋስ» አለች ማማ ቬልሚና። ቀጥሎ ድምፅዋ ወረደ። «እና ረዳታቸው። ያለ ቀለበት በመዳፋቸው መለካት የሚችሉት፣ ትንንሾቹንም እንዲህ ደርድረው የሚመልሱት ሁለቱ ብቻ ናቸው።»

«ያለ ቀለበት በመዳፉ የሚለካ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። አፋቸውን ወደ ታች አድርጎ ጥላ ውስጥ የሚያስቀምጥም እሱ ነው።»

ዘካርያስ ወደ ባሕሩ ዞረ። «የጀልባ መሳፈሪያ እንዲሆነኝ ነው ያወጣሁት» አለ። «ሳልለይ እያፈስኩ ደረሱብኝ። ጆንያውን ያዙ፣ ገፋኋቸው፤ ጭንቅላታቸው ዐለቱን መታው። ጠራኋቸው፣ አልመለሱልኝም። ጆንያውን ነጋዴው ጀልባ ላይ ልጥለው አነሣሁት።»

«ትንንሾቹን የለየኸው ከዚያ በኋላ ነው?»

«ሕይወት ነበራቸዋ። ቴቴ ሁልጊዜ፣ ፀሐይ እንዳይነካቸው፣ ይሉኝ ነበር።»

ዶሚንጉስ ተፈታ። አንጓውን እያሻሸ ቆመ እንጂ ደስታውን አላሳየም። ዮሲና ዘካርያስን አስራ በጎጆው በኩል ስትወስደው በበሩ ወደ ውስጥ አየና እግሩ ተያዘ።

«ያ ሳህን ለማን ነው?»

ልትዋሸው ትችል ነበር፤ አላደረገችውም።

«ላንተ ነው» አለችው። «ከተኳረፋችሁ ጀምሮ ማታ ማታ ያቀርቡልህ ነበር።»

ዘካርያስ በሩ ላይ ቁጭ አለ። ጀልባው እየጠበቀ ቢሆንም ዮሲና ተነሥ አላለችውም፤ አጠገቡ ተቀመጠች።