ኮፈኑ ላይ የተቀመጠው ብርጭቆ

ጋሽ ቢያዝን ዓባይ ማዶ ባለው ጋራዣቸው ውስጥ ከመኪና ሥር ሞተው ሲገኙ፣ ሞተሩ ገና አልጠፋም ነበር። መካኒኩ ሰላህ ከዙህር ሶላት ሲመለስ መጀመሪያ ያየው እግራቸውን ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ የወጣው እሱ ራሱ ነበራ!

የሟቹ ሸሪክ ብሩክ ነገሩን አከረረው።

«ከመራዊ ስመለስ በዓይኔ በብረቱ አየሁ! ሞተሩ መኪናዋን እንደ ወባ በሽተኛ ሲያንቀጠቅጣት ከሥር የደገፋት ክሪክ ተንሸራተተ። ሰው ልጠራ ሮጥሁ። ሰላህ በወጉ ጠግኖት ቢሆን...»

ሰላህ ፈራ። ከእስሩ ይልቅ ነገሩ እውነት እንዳይሆን ፈራ። ያሳደጉትን ሰው፣ አንድ ብሎን ሳያጠብቅ ቀርቶ ገድሏቸው ይሆን?

ኢንስፔክተር ፀደንያ ግን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት የምታውቅ ሴት ናት። ቁጢጥ ብላ ክሪኩን አስተዋለች። ከዚያ ወደ መኪናዋ ባለቤት ወደ ሰብለ ወንጌል ዞረች።

«መኪናሽ ምን ሆና መጣች?»

«ብሩክ ሞተሩ የሚያርፍበትን ጎማ በአዲስ ቀየርሁ ካለኝ ወዲህ መንቀጥቀጧ ባሰ። ጋሽ ቢያዝን ዛሬ ጠዋት ደውለው ‹ጉዱን አግኝቸዋለሁ፣ ነይና ላሳይሽ› አሉኝ።»

«ሰላህ፣ አንተስ?»

«ሞተሩን የሚሸከሙትን ጎማዎች ጠዋት ቀየርሁ። የወጡት አዲስ እንዲመስሉ ጥቁር ቀለም የተቀቡ አሮጌዎች ናቸው።»

«ጋሽ ቢያዝን ሥራ ሲያልቅ በምን ይፈትኑ ነበር?»

«ኮፈኑ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ያስቀምጣሉ። ውሃው ከተንቀሳቀሰ መኪናው አይወጣም።»

ፀደንያ ሁሉንም መኪናዋ ዙሪያ ሰበሰበች፤ ብርጭቆውን አስቀምጣ ሞተሩን አስነሳች። ሰላህ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ውሃው ረግቷል።

«ይህ ሞተር ክሪክ አይጥልም» አለች። «ክሪኩ ተንሸራትቶ ቢሆን ወደ ላይ እንደተዘረጋ በጎኑ ይወድቅ ነበር። እኔ ያገኘሁት ግን ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ማውረጃው በእጅ ተፈትቶ ነው። ታዲያ ሲንሸራተት አየሁ ያለው ማን ነው? መንቀጥቀጡ መዳኑን ያልሰማው፣ ጠዋት መራዊ የነበረው ሰው ነው። ብሩክ፣ ስትገባ ዓይንህ ክሪኩ ላይ ነበር፤ ሞተሩን ልብ አላልኸውም። አዲስ ብለህ ያስገባኸውን አሮጌ ጎማ እንዳያሳዩብህ ነው የቸኮልኸው።»

«በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ነበር!» አለ ብሩክ። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ፀደንያ ሞተሩን አጠፋች። ሰላህ ብርጭቆውን ሊያነሳ እጁን ሰደደ፤ ውሃው የተንቀጠቀጠው ያኔ ነው።

«ብሎኑን አጥብቀዋለሁ፣ ጋሽዬ» አለ እያለቀሰ። «ሁሉንም አጥብቀዋለሁ።»